የጠራዡ ደብተር

ጋሽ ልየው ማረፋቸውን የነገረኝ ምንይችል ነው። ስልክ ደውሎ ስለ ጤናዬ፣ ስለ አዲሱ ሥራዬ፣ ስለ ኮምቦልቻ ሙቀት ሲጠይቀኝ ቆየና፣ ልንሰነባበት ስንል «ለካ አልነገርኩሽም፤ ጠራዡ አረፉ እኮ» አለኝ። መቼ ብለው፣ ሁለት ወር ሊሞላቸው ነው አለ። ያንን ሰው ከሥራ ያስወጣውን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ምንይችል ደግሞ ምስክር ሆኖ ፈርሞበታል።

ደብረ ማርቆስ የሄድኩት በአንድ ኮሌጅ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆኜ ነበር። ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም። ዘመድ የለኝም፤ ብርዱን አልለመድኩትም። ጊዜውም ጥሩ አልነበረም፤ መንገድ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ስልክ ሲጠፋ ሲመጣ፣ ሰው አዲስ ፊት ሲያይ ድምፁን ዝቅ የሚያደርግበት ጊዜ ነበር። ከሌላ አገር የመጣሁ ሙስሊም በመሆኔ እንደምጠረጠር ስለማውቅ፣ እኔም ቀድሜ መጠርጠር ለመድኩ።

ጋሽ ልየው መጽሐፍ ጠራዥ ነበሩ። ጡረታ ወጥተው በኮንትራት የቀጠሉ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ካፖርታቸው ላይ ነጠላ የሚደርቡ፣ እርሳስ በክር አስረው ከአንገታቸው የሚያንጠለጥሉ ሰው። የተገነጠለ መጽሐፍ ሲሰጧቸው መጀመሪያ ጀርባውን እፍ ይሉታል። አቧራውን ነው፤ ግን አቧራው ከለቀቀ በኋላም ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ሲሰፉ ያንጎራጉራሉ። ዜማው የቤተ ክርስቲያን አይደለም፣ የዘፈንም አይደለም፤ አንዱን ነገር ደጋግመው እያሉ በመሐል ድምፃቸው ድንገት ቁልቁል ይወርዳል።

ገና በመጀመሪያው ቀን ሰላም ስላቸው፣ «ስምዎን ማን አወጣልዎ?» አሉኝ።

«አያቴ።»

«እናትዎስ ማን ይባላሉ? ሲያቆላምጡዎት ማን ነበር የሚሉዎት?»

ጨዋታ መስሎኝ ሁሉንም ነገርኳቸው። እርሳሳቸውን አንስተው ወረቀት ላይ ጻፉት። ወጣ ስል የጽዳት ሠራተኛዋ ወይዘሮ ብርቄ ክንዴን ይዛ ወደ ጥግ ሳበችኝ።

«የእናትሽን ስም ነገርሻቸው?»

«አዎ፤ ምነው?»

«አንቺ ልጅ! ስምና የእናት ስም የሚጠይቅ ኮከብ ቆጣሪ አይደለም እንዴ? እኔን ጠይቀውኝ የአክስቴን ነው የነገርኳቸው።» ከዚያ የሰማችውን ሁሉ ዘረገፈችልኝ። ጋሽ ልየው በልጅነታቸው ከአማኑኤል ከተማ ወዲያ ዜማ ቤት ገብተው አሥራ ሁለት ዓመት ተምረዋል። መሪጌታ ሊባሉ ጥቂት ሲቀራቸው ጥለው ወጡ። ለምን እንደወጡ ማንም አያውቅም። «ከዚያ የሚወጣ ወይ ያገለግላል፣ ወይ ይመነኩሳል» አለች፤ «ወይ ደግሞ ሌላውን ነገር ይማራል።» ሌላው ነገር ምን እንደሆነ አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኳትም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይኔ ከእሳቸው አልተነቀለም። በየዕለቱ በምሳ ሰዓት፣ ሰው ሁሉ ሲወጣ፣ የአሮጌ መጻሕፍት መጋዘን ውስጥ ገብተው በሩን ይዘጋሉ። አንድ ቀን ደብተራቸውን ጠረጴዛ ላይ ረስተው ገቡ። ጠረጴዛው የመሥሪያ ቤቱ ነው፣ ማየት መብቴ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩና ገለጥኩት።

ፊደሉ የእኛው ፊደል ነው፤ ቁልጭ ያለ የቁም ጽሕፈት። እያንዳንዱን ፊደል አነበዋለሁ፤ ቃሉን ግን አላውቀውም። አማርኛ አይደለም። ዐረብኛ ይሆን ብዬ ዝቅ ባለ ድምፅ ሞከርኩት፤ እሱም አይደለም። ከፊደሎቹ በላይ በቀይ ቀለም ትናንሽ ምልክቶች አሉ። አንድ ገጽ ላይ «ኦኮ» የሚል ቃል አራት ጊዜ ተደርድሮ ተጽፏል፤ ምልክቱ ግን በየመስመሩ ይለያያል። በስልኬ አራት ገጽ ፎቶ አንስቼ ደብተሩን እንደነበረ መለስኩት።

ፎቶውን ለምንይችል አሳየሁት። ምንይችል የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ዲያቆንም ስለሆነ ይገባዋል ብዬ ነው። ስክሪኑን በጣቱ እየሳበ ብዙ ቆየ።

«ግእዝ አይደለም» አለ። «ምልክቱ የዜማ ነው፤ ይቺ ቅናት ናት፣ ይቺኛዋ ድፋት። ግን ከስንቱ ምልክት ሁለቱን ብቻ ነው የተጠቀሙት። እንዲህ ያለ ድጓ አላውቅም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

ዙሪያውን አየ። «ስም የሚጠራበት ይመስለኛል።»

የማን ስም እንደሆነ ለመጠየቅ ፈራሁ።

በዚያው ሳምንት ወይዘሮ ብርቄ ስትወለውል ውኃ አፍስሳ፣ ጋሽ ልየው ለጥረዛ የደረደሩትን መጻሕፍት አራሰችባቸው። እሳቸው ሲቆጡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አልጮኹም፤ ዝም ብለው አዩአት። በአራተኛው ቀን ብርቄ ከደረጃ ወድቃ ክንዷ ተሰበረ። ደረጃውን ራሷ እንደወለወለችው፣ ገና እርጥብ እንደነበረም ሁላችንም እናውቃለን። ግን ስለ ውኃው ያነሳ ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ነው በምሳ ሰዓት ወደ መጋዘኑ በር ሄጄ ጆሮዬን የደገንኩት። ውስጥ ሁለት ወንዶች ይነጋገራሉ። አንዱ ጋሽ ልየው ናቸው። ሌላው ወፍራም፣ ከደረት የሚወጣ ድምፅ ነው፤ እሱ አንድ ይላል፣ እሳቸው ይከተሉታል፤ ሲሳሳቱ እንደገና ይላል። መጋዘኑ ሌላ በር የለውም። ሲገቡ ያየሁት ደግሞ ብቻቸውን ነው። በሩን በረገድኩት።

ብቻቸውን ነበሩ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ነገር በነጠላቸው ሸፈን አደረጉ።

«ጋሽ ልየው፣ ከማን ጋር ነው የሚነጋገሩት?»

«ከወዳጄ ጋር።»

«የት አለ?»

«አገሩ ገብቷል» አሉ፤ ምንም አልደነገጡም።

ደብዳቤውን የጻፍኩት በዚያው ቀን ከሰዓት ነው። በማይታወቅ ቋንቋ የተጻፈ አጠራጣሪ ጽሑፍ ይይዛሉ፤ የመሥሪያ ቤቱን ክፍል ዘግተው ምንነቱ ያልታወቀ ተግባር ይፈጽማሉ፤ የሠራተኞችን የእናት ስም ይመዘግባሉ ብዬ ጻፍኩ። ውሸት አልጻፍኩም። እያንዳንዱ ቃል እውነት ነበር።

ሦስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ተቋቋመ፤ እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ሆንኩ። ጋሽ ልየው ነጠላቸውን አጣፍተው ገቡና ወንበር እያለ ቆመው መለሱ።

«ይህ ደብተር የእርስዎ ነው?» አላቸው ሰብሳቢው።

«የኔ ነው።»

«ቋንቋው ምንድን ነው?»

«ዮሩባ ይባላል። የናይጄሪያ ሰዎች ቋንቋ ነው። ዶክተር አዴዎሌ እዚህ ያስተምር በነበረ ጊዜ ነው ያስተማረኝ። ግጥማቸው ነው፤ የአባቶቻቸው።»

«በእኛ ፊደል ለምን ጻፉት?»

«በማውቀው ነዋ። ድምፁ ከፍ ዝቅ ሲል ትርጉሙ የሚለወጥ ቋንቋ ነው። እኔ ለድምፅ የተማርኩት ምልክት ስላለኝ በሱ ያዝኩት።» ወደ ጠረጴዛው ጠጋ ብለው ገጹን በእርሳሳቸው አመለከቱ። «ይኸውላችሁ፤ ኦኮ ማለት ባል ነው። የኋለኛው ከፍ ሲል መኮትኮቻ ይሆናል። የኋለኛው ሲወድቅ ጀልባ። ሁለቱም ሲወድቁ ጦር…»

«ጦር?» ከጥበቃ ክፍል የመጣው አባል ቀና አለ። «ጦር ነው ያሉት?»

«መወርወሪያው ጦር፣ ልጄ።»

እሱ ግን ማስታወሻው ላይ ጻፈው። ሰብሳቢው ማስረጃ ካለዎት ያምጡ ሲላቸው ከካርቶን ውስጥ የካሴት ማጫወቻ አወጡ፤ ነጠላው የሸፈነው እሱን ነበር። ሲጫወት ያ ወፍራም ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ንግግር ሲመስል ዜማ ይሆናል፣ ዜማ ሲመስል ተመልሶ ንግግር ይሆናል። ከአባላቱ አንዷ አማተበች። ጋሽ ልየው ዓይናቸውን ጨፍነው ከሥር ከሥሩ ይከተሉ ጀመር። ያኔ ነው ያለቀላቸው።

ኮንትራታቸው ተቋረጠ። ደብተሩ በፋይል ታሰረ፤ የካሴቱ ካርቶን በኔ ቁልፍ መጋዘን ገባ። ወሬው ከኮሌጁ ግቢ ቀድሟቸው ወጣ። አከራያቸው ልጆች አሉኝ ብላ ቤቱን አስለቀቀቻቸው። ወደ ትውልድ መንደራቸው፣ ከአማኑኤል ወዲያ ገቡ ተባለ። እውነቱን ልናገር፤ ሲሄዱ እፎይ ብያለሁ።

ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው አንዲት ሴት ቢሮዬ መጣች። ናይጄሪያዊት ናት፤ ፎላኬ እባላለሁ አለች፤ ለሥራ አዲስ አበባ እንደመጣችና ሚስተር ልየው የሚባሉ ሰው እንደምትፈልግ በእንግሊዝኛ ነገረችኝ። ማን ላከሽ አልኳት። መታወቂያሽን አሳዪኝ አልኳት። አሳየችኝ፤ እሱም አልበቃኝም። በመጨረሻ ስልኳን አውጥታ ፎቶ አቀበለችኝ። ሁለት ሰዎች በኛው ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ በመሐላቸው ያ ደብተር ተዘርግቷል። አንደኛው አባቷ ዶክተር አዴዎሌ ነው። ሌላኛው ጋሽ ልየው ናቸው፤ አፋቸውን ከፍተው ይስቃሉ። እኔ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም ነበር።

አባቷ እዚህ በነበረበት ጊዜ፣ ከእናቱ በቃል የተቀበለውን ሁሉ በካሴት ቀድቶ ነበር። በተለይ ኦሪኪ የሚሉትን፤ አንድን ሰው ከነዘሩ፣ ከነሥራው፣ ከነቁልምጫው እየጠራ የሚያወድስ ግጥም ነው። ታሞ አገሩ ሲገባ ቅጂዎቹን የያዘው ሻንጣ መንገድ ላይ ጠፋበት። «ዋናው ልየው ዘንድ አለ» ብሏት ሞተ። አያቷም ቀደም ብለው አርፈዋል። እሷ በከተማ በእንግሊዝኛ ያደገች ናት፤ የቤተሰቧን ኦሪኪ የሚያውቅ ሰው አልቀረም።

መጋዘኑን ስከፍት ሽታው መታኝ። ክረምቱን ጣሪያው አፍስሷል። ካርቶኑን የት ላስቀምጥ ብዬ ሳላስብ የጣልኩት በትክክል ከቀዳዳው ሥር ነበር። ከሦስቱ ካሴቶች ሁለቱ ተጫወቱ፤ ፎላኬ የአባቷን ድምፅ ስትሰማ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ሦስተኛው ላይ በጋሽ ልየው ጽሕፈት «የእናት ውዳሴ» ይላል። የሻገተው ክር ማጫወቻው ውስጥ ተጠቅልሎ ተበጠሰ። «ሌላ አለ?» አለችኝ። የቀረው ደብተሩ ነበር፤ ደብተሩን የሚያነበው ደግሞ በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ደብተሩን ከፋይል ለማስወጣት ሦስት ቀን ለመንኩ። መንገዱ ደኅና ነው በተባለ ቀን እስከ አማኑኤል በመኪና፣ ከዚያ በእግር ሄድን። ጋሽ ልየው ከቤታቸው ደጃፍ ካለች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። እጃቸው ላይ መርፌም ክርም የለም። የአካባቢው ሰው ዳዊቱን በሳቸው ማስጠረዝ ትቷል።

ፎላኬ ጭቃው ላይ ተንበረከከች። የአገሯ ሴቶች ለአዛውንት እንዲህ ነው ሰላም የሚሉት። ጋሽ ልየው ተነሡና «ኤ ካቦ» አሏት፤ እንኳን ደኅና መጣሽ ማለት ነው። አንስተዋት ፊቷን ትክ ብለው አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «አባቷስ?» አሉኝ። «አርፏል» አልኳቸው። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት። አጥር ላይ የተደገፉ ጎረቤቶች ያዩናል።

ደብተሩን ሰጠኋቸው። «ያለ አዴዎሌ ድምፅ አንብቤው አላውቅም» አሉ። ጀመሩና አቆሙ፤ ጉሮሯቸውን ጠርገው እንደገና ጀመሩ። ከዚህ ሁሉ በኋላ እንኳ፣ እውነት ለመናገር፣ እኔ የምጠብቀው የልጅቱን ፊት ነበር። ፈጥረው እያነበቡ ከሆነ ፊቷ ይነግረኛል ብዬ ነው። ፎላኬ አንገቷን ደፍታ ስልኳን ዘርግታ ትቀዳለች። መጀመሪያ ምንም አልታየባትም። ልቤ «አላልኩም?» ሊል ዳዳው። ከዚያ ጋሽ ልየው በአንድ ቃል ላይ ድምፃቸውን ጣል አድርገው መልሰው አነሱት፤ «አዱኬ» አሉ። ፎላኬ ቀና አለች። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

አዱኬ ሰው ሁሉ ሊንከባከባት የሚሻማባት ማለት ነው። አያቷ ስትወለድ ያወጡላት የቁልምጫ ስም ነው፤ መታወቂያዋ ላይ የለም፣ ከአባቷ ሞት በኋላ የጠራት ሰው አልነበረም። ጋሽ ልየው ቀጠሉ። የሸማኔዎች ዘር እያሉ፣ የሽመና ዕቃቸውን በራሳቸው ተሸክመው ወንዝ የተሻገሩትን ሰዎች ልጅ እያሉ፣ እስከ መጨረሻው ወሰዱት።

ቀኑን ሙሉ ሲያወሩን ዋሉ። ስለ አዳኞች ዜማ፣ ኤሊ ሌላውን እንስሳ ስለምታታልልበትና አድማጩ እየተቀበለ ስለሚያዜመው ተረት፣ ቋንቋው በድምፅ ከፍታ ስለሚሄድ ከበሮው ራሱ ስም እንደሚጠራ ነገሩን። ከዜማ ቤት የወጡት ጉሮሯቸውን ታመው ድምፃቸው ስለተሰበረ እንደነበርም ያን ቀን ሰማሁ። «እነሱም ዘንድ ተማሪ ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ በቃሉ ነው ስንት ምዕራፍ የሚያጠና» አሉ። «አዴዎሌ ያንን ሲነግረኝ፣ ያቋረጥኩትን ከሱ ዘንድ ልጨርስ አልኩ። የሰው እናት ልጇን ምን ብላ እንደምታቆላምጥ መጠየቅም የለመድኩት ከሱ ነው።»

ጥርጣሬዬ አሁንም አልለቀቀኝም። «ጋሽ ልየው፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ደብተሩ ውስጥ የጠንቋይ ቃል የለም?»

«አለ» አሉ ሳይሸሽጉ። «አዋቂዎቻቸው በቃል የያዙት ግጥም አለበት። ሥርዓቱን አልተማርኩም፤ የኔ እምነት አይደለም። ግጥሙን ግን፣ ያን የመሰለ ነገር ሰምቼ እንዴት ልለፈው?»

«ያኔ፣ መጋዘኑ ውስጥ፣ ለምን አልነገሩኝም?»

«የጠየቁኝ ማን አለ ብለው ነው እንጂ ምንድን ነው ብለው አይደለም።»

ፎላኬ ሄደች። እኔ ለኮሌጁ ማመልከቻ ጻፍኩ፤ ደጅ ጠናሁ፤ በስንት ምልልስ ወደ ሥራ ቢመለሱ ተቃውሞ የለንም የሚል ደብዳቤ አገኘሁ። ይዤላቸው ሄድኩ። አንብበው አጣጠፉት።

«ሥራውን አልፈልገውም» አሉ። «እጄም ደክሟል።»

«ታዲያ ምን ላድርግልዎ?»

«እዚህ ዕድር አልተቀበለኝም። ብሞት የሚያነሣኝ ሰው የለም። እሁድ ቅዳሴ ሲያልቅ ይሰበሰባሉ። መጥተው ይንገሩልኝ።»

«ምን ብዬ?»

«የሆነውን።»

ሄድኩ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ዛፍ ሥር ተሰብስበዋል። ሻሼን እያስተካከልኩ ቆምኩ፤ ለእምነቱም ለአገሩም እንግዳ ነኝ። ጋሽ ልየው ከሰዎቹ ራቅ ብለው ተቀምጠዋል። ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ መሆኔን፣ ደብተሩ የሩቅ አገር ሰዎች ግጥም መሆኑን፣ አዋቂዎቻቸው የሚሉትም እንዳለበት፣ ድግምት ግን እንዳልተደገመበት፣ ልጅቱ መጥታ የአያቷን ቃል ከሳቸው አፍ እንደወሰደች ተናገርኩ። ማንም አላቋረጠኝም። ማንም ደግሞ ራሱን አልነቀነቀም።

ስጨርስ አንዲት አሮጊት ከፊት ሆነው እጃቸውን አነሡ።

«ልጄ፣ ክፉ ሲሠሩ አይተሽ ነበር?»

«አላየሁም።»

«ሰው ሲጎዱስ?»

«አላየሁም።»

«ታዲያ ምን አይተሽ ነው የጻፍሽባቸው?»

ብዙ መልስ አዘጋጅቼ ነበር የመጣሁት። ጊዜውን፣ ብርቄን፣ የዜማውን ምልክት። ሁሉንም ተውኩት።

«ጽሑፉ አልገባኝም ነበር» አልኩ። «ስላልገባኝ ነው።»

የዕድሩ ዳኛ ወደ አሮጊቷ አየ፣ ወደ ሌሎቹ አየ፤ ከዚያ ከእቅፉ መዝገቡን አውጥቶ ጉልበቱ ላይ ዘረጋና እስክሪብቶ ጠየቀ። አንድ መስመር ጻፈ። ጽፎ ሲጨርስ እንደ ሁልጊዜው የአባላቱን ስም ከላይ ጀምሮ ይጠራ ጀመር። የተጠራው ሁሉ በየተቀመጠበት ይመልሳል። የመጨረሻው ስም ላይ ሲደርስ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ልየው አዳሙ!»

ጋሽ ልየው ከተቀመጡበት ተነሡ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«አለሁ» አሉ።